ንጉሥ በደር አይያዝም

ሐርቡ፤ ኅዳር 12 ቀን 2015

ይድረስ ለልጄ ለከሪማ አብዱልገኒ፤ ቤይሩት፣ ጅዴይዴ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኔ አባትሽ አልሐምዱሊላህ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ያነክሳል እንጂ አልጣለኝም። ልብስ ሰፊው ጁነይድ ሰላም ብሎሻል። ሰላም በልልኝ ብሎ አልነገረኝም፤ ግን ማለቱ አይቀርም።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኩት ፊደል ዛሬም አልከዳኝም። እንጻፍልህ ያሉኝ ነበሩ፤ ከልጄ ጋር በሰው እጅ አላወራም አልኳቸው። ፊደሉ ቢወላገድ አንቺው እያቃናሽ አንብቢው።

ስልኩ እንደሆነ ማዳምሽ በሁለት ወር አንዴ ነው የምትሰጥሽ፤ እሱንም አጠገብሽ ቆማ። ‹ደህና ነኝ፣ ደህና ነህ› ስንባባል ያበቃል። ባለፈው ግን ልትዘጊ ስትይ ‹አባዬ፣ እዚህ ከቤቱ ሽማግሌ ጋር ሰንጠረዥ እጫወታለሁ› አልሽኝ። ወዲያው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ይሄ ነገር ከልቤ አልወጣም። ያሸንፍሻል? ታሸንፊዋለሽ? በምን ከፈተ? በምን መለስሽ?

ሰንጠረዥ ያስተማርኩሽ ወንድ ልጅ ስላልነበረኝ ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ያስተማርኩሽ በዚህ አገር የሚችለኝ ሰው ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ከአረቡ ፊት ስትቀመጪ የኔም ስም አብሮሽ ተቀምጧል። የተጫወትሽውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፊልኝ። ሰሌዳውን ሣይው፤ ረድፉን ከታች ወደ ላይ፣ ዓምዱን ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሪው። አያመልጠኝም።

ደንቡን ደግሞ እንዳትረሺ። እኔ ሸህ አባፊጣ ደጅ ውሃ እየቀዳሁ የተማርኩት ነው። ሰንጠረዥ ላይ ውርርድ የለም። ውርርድ ከገባበት ቁማር ነው፣ ቁማር ደግሞ ሐራም ነው። ሁለተኛው፣ ንጉሥ በደር አይያዝም። ደር ከዳር ቆማ ቀጥ ብላ የምትሮጥ ጉልበተኛ ናት፤ በሷ ንጉሥ የሚይዝ ሰው በር ሰብሮ እንደሚገባ ሌባ ነው። ንጉሥ የሚያዘው በመደቅ ነው፤ በእግረኛው፣ በትንሹ ወታደር። የጨዋ ልጅ አጨዋወት ያ ነው።

የቤቱ ቆርቆሮ ሁለት ቦታ ያፈሳል። ቢመችሽ አስቢበት። ካልተመቸሽ ባልዲ አለኝ።

አላህ ከሰው ዓይንና ከሰው እጅ ይጠብቅሽ።

አባትሽ አብዱልገኒ


ጅዴይዴ፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 2015

ለምወድህና ለማከብርህ ለአባቴ።

ወዓለይኩም ሰላም አባዬ። ናፍቆቴን በወረቀት አልችለውም። ጉልበትህን በቅቤ አስታሽ፤ ሽማግሌ አይደለሁም ብለህ አትከራከረኝ።

ደብዳቤህ በናፊሳ በኩል ደረሰኝ። ናፊሳ የደጋን ልጅ ናት፤ እዚሁ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትሠራለች፣ እኔ አምስተኛው ላይ ነኝ። እዚህ አገር አትክልት ከሱቅ ወደ ፎቅ የሚወጣው ከባልኮን በገመድ በሚወርድ ቅርጫት ነው። አንተም ከሦስተኛ ፎቅ ከቲማቲም ጋር ተሳፍረህ ነው የወጣኸው። ይሄኛው ደግሞ በዚያው ቅርጫት ይወርድና ወደ አገር የምትገባ ሰው ትይዘዋለች።

ሰዎቹን ላስተዋውቅህ። ሽማግሌው ሙሲዩ ነው የሚባለው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ድሮ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ማዳሜ ልጁ ናት። እሷ ሥራ ስትሄድ መድኃኒቱን የምሰጠው፣ የማበላው እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ መብራት ይጠፋና ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል ሰሌዳውን ያወጣል።

የመጀመሪያ ቀን አሳፈርኩህ። ‹ያላ፣ ጀምሪ› ሲለኝ እንደኛ አገር መሰለኝ። እኛ ዘንድ ከሰሌዳው አንድ ሰው እስኪበላ ድረስ ወረራ ነው፤ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንደፈለገ ያሰልፋል። እኔም ሦስት መደቅ፣ ሁለት ፈረስ፣ አንድ ፊል በፍጥነት አሰልፌ ቀና ስል ሙሲዩ አገጩን በእጁ ይዞ ያየኛል። አንድም አልነካም። ‹ጨረስሽ?› አለኝ። ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ለካ እዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ እሱ፣ አንድ እኔ ነው።

ሌላም አለ። ከንጉሡ ጎን የምትቆመው የኛ ፈርዝ በሰያፍ አንድ እርምጃ ነው የምትሄደው፤ የነሱ በየትም በኩል እስከ ሰሌዳው ጫፍ ትበራለች። ዝሆኑ፣ ፊሉም፣ መዝለሉን ትቶ በሰያፍ እንደፈለገ ይንሸራተታል። ንጉሡ አንዴ ከደሩ ጋር ቦታ ተለዋውጦ ጥግ ይገባል። እንደ አገራችን ያሉት ደርና ፈረስ ብቻ ናቸው። ሳያቸው ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

አሁን ጨዋታው። የሌላው ቀን ልምምድ ነው፤ በፈረንጆቹ ወር መጀመሪያ የምንጫወተውን ግን ሙሲዩ በደብተር ይጽፈዋል፣ ቁም ነገሩ እሱ ነው። ያለፈውን ጨዋታ በሙሉ ከዳቦው ወረቀት ጀርባ ገልብጬልሃለሁ። እኔ ጥቁር ነኝ። አንተ ሃያ ሦስተኛው ተራ ላይ ቁም። ሙሲዩ ንጉሡን ጥግ አስገብቶ ከፊቱ ሦስት መደቅ እንደ አጥር ተክሏል። ፈርዞቹን ተበላልተን ተለዋውጠናል። ደሮቹ ወደኔ ሰፈር ለአደን ወጥተዋል፣ ቤቱን የሚጠብቅ የለም። የኔ ደር ባዶ መስመር ላይ ቆማለች። ወደ መጨረሻው ረድፍ ብትወርድ አለቀ፤ አጥሩ ራሱ እስር ቤት ይሆንበታል።

አየሁት አባዬ። ጣቴ ደሯ ላይ ነበር። የበር ሰባሪው ነገር ትዝ አለኝና እጄን መለስኩ። በመደቅ ልጨርሰው ብዬ የቀኙን መደቅ ገፋሁ። ሙሲዩ ሰሌዳውን አየና ከአጥሩ አንዷን መደቅ አንድ እርምጃ አንቀሳቀሳት። ‹ለንጉሡ መስኮት ከፈትኩለት› ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ አልተገኘም። አርባ አንደኛው ላይ ተሸነፍኩ።

እንደኔ ደሯ መውረድ ነበረባት። አንተ ምን ትላለህ?

ከባልኮን ሲታይ ባሕሩ በሁለት ሕንፃ መሃል ይታያል። ለገናቸው መንገዱን ሁሉ በመብራት አስጊጠውታል፣ ከላይ ሲያዩት ያምራል። ናፊሳ እሑድ ፉርን ኤል ሸባክ የሚባል ሰፈር ሄዳ ያገራችንን በርበሬ አግኝታ በቅርጫቱ ላከችልኝ። የቆርቆሮውን ነገር አልረሳሁም።

ስለ ውርርድ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ።

ልጅህ ከሪማ


ሐርቡ፤ የካቲት 6 ቀን 2015

ይድረስ ለልጄ ለከሪማ።

አላህ ጤናና ሰላሙን አብዝቶ ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። ቅቤውን ተቀብቼዋለሁ፤ ለጉልበቴ ብዬ አይደለም፣ አንቺን ደስ እንዲልሽ ነው።

ጨዋታሽን ከጁነይድ ጋር ዘረጋነው። ሰሌዳዬ ያው ቀዩ ጨርቅ ነው፤ የጠፋውን ፈረስ በጠርሙስ ክዳን ተክቼዋለሁ። ጁነይድ አረቡን ሆነ፣ እኔ አንቺን ሆንኩ። ስለ ፈርዟ በረራ ባልናገር ይሻላል። ፈርዝ እንደዚያ ከበረረች ንጉሡ ምን ሊሠራ ተቀመጠ? ጥግ ገብቶ የሚደበቅ ንጉሥስ ምን ዓይነት ንጉሥ ነው? ደንብ ነው ካላችሁ ግን ደንብ ነው፤ እንዳላችሁት ተጫወትንላችሁ።

ሃያ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ጁነይድ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ ‹እኔ ብሆን ደሯን አወርዳት ነበር› አለ። አንተማ የሰውን ሱሪ ሳትለካ ነው የምትቆርጠው አልኩና ጨርቁን አጠፍኩበት። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። አራተኛው ቀን ላይ እሱ ነው የመጣው። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ሱቁ ዝግ ስለነበር ነው እንጂ እኔም እሄድ ነበር።

ፍርዴ ይሄ ነው። ደሯን መመለስሽ ልክ ነው። የኔ ልጅ መሆንሽን ያወቅኩት እዚያ ላይ ነው። ስሕተትሽ ሌላ ጋ ነው። አሥራ ስድስተኛው ላይ ፈረስሽን ወደ ኋላ መለስሽ። ለምን? ፈረስ ወደፊት ሄዶ ይሞታል እንጂ ወደ ኋላ አይፈረጥጥም። መደቅሽንም ከዚያ ቀደም ብለሽ ብትገፊያት ኖሮ በሰዓቱ ትደርስልሽ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ደብዳቤ ቶሎ አንብቤ የምጨርስ ሰው አይደለሁም። አንድ ቃል፣ አንድ ቃል እያልኩ ስለማነብ የሚዘለኝ የለም። ባሕሩን አየሁ አልሽ፣ ከባልኮን። የገናውን መብራት አየሁ አልሽ፣ ከላይ። በርበሬ አገኘሁ አልሽ፣ ያመጣችው ናፊሳ ናት። ደብዳቤሽ ውስጥ ‹ሄድኩ› የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ‹ወጣሁ› የሚልም የለም። በስልክም ድምፅሽ ቀጥኗል፤ ጉንፋን ነው አልሽ፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የለም።

ሌላም አለ። ስለ ውርርድ ‹አንብቤዋለሁ› ብለሽ አለፍሽ። ‹እሺ› አላልሽም።

ቆርቆሮውን ተዪው፣ ክረምት ሩቅ ነው። እግርሽ ወዴት እንደሚሄድ ጻፊልኝ።

አላህ መንገድሽን ያብራልሽ።

አባትሽ አብዱልገኒ


ጅዴይዴ፤ መጋቢት 5 ቀን 2015

ለአባቴ።

ሰላምታዬ ይድረስህ። ረመዳን እየገባ ነውና አላህ ጾምህን ይቀበልህ። ሱሑር ሳትበላ እንዳትጾም።

እግሬ የትም አልሄደም አባዬ። እዚህ ቤት ከገባሁ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ። ከበር የወጣሁት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ለመኖሪያ ወረቀት፣ አንዱ ጥርሴን ታምሜ። ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም። አትመታኝም፣ አታስርበኝም፣ መርሲ ብላ ታመሰግነኛለች። ግን ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች። ‹እዚህ አገር ያለሽው በኔ ስም ነው፣ ብትጠፊ የምጠየቀው እኔ ነኝ› ትላለች። የናፊሳ ማዳም እሑድ እሑድ ትለቃታለች። የኔ አትለቅም። እሑዴ የምታልፈው ከባልኮኑ ሥር ነው።

ሙሲዩ ይህን ያያል። አንድ ቀን ሰሌዳውን ሲደረድር ‹በወሩ ጨዋታ አንዴ ካሸነፍሽኝ እሑድ ያንቺ ናት። ልጄን አስፈርማታለሁ› አለኝ። ቀልድ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን በጨዋታ አይቀልድም፣ ቃሉንም አይበላም። ያለጨዋታ ብትነግርልኝ ምን አለበት አልኩት። ‹ነግሬያት ነበር፤ እንዲሁ ስነግራት አትሰማም። ተሸንፌ ከጠየቅኳት ግን ታሳፍረኛለች እንዴ?› አለኝ። የነሱ ነገር እንደዚህ ነው።

እና ውርርድ ነው። ሐራም እንደምትለኝ ስለማውቅ ዋሸሁህ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ዝም አልኩህ።

ሃያ ሦስተኛው ላይ ጣቴ የነበረው እሑድ ላይ ነው። አሁን ገባህ? ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር፣ ሦስት ጊዜ ተሸንፌአለሁ። አንዴ ደግሞ ያው ደር፣ ያው ባዶ መስመር መጣልኝ። አሁንም መለስኳት። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የዘራህብኝ ነገር ነው፣ ከየት ነቅዬ ልጣለው?

ሐምሌ ላይ ሙሲዩን ወንድ ልጁ ወደ ፈረንሳይ ሊወስደው ነው። እሱ ከሄደ ለማዳሜ የሚናገርልኝ የለም። ኸላስ፣ ያበቃል። መልስህ ሲደርሰኝ የሚቀረኝ ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ፣ ምናልባት ሰኔ መጨረሻ ላይ ሌላ አንድ ጨዋታ ነው።

አልተቆጣሁህም። ተቆጥቻለሁ።

አሥራ ስድስተኛው ላይ ፈረሴን የመለስኩት ፈርዜ ልትበላ ስለነበር ነው። ጨርቅህን እንደገና ዘርጋውና እየው።

ከሪማ


ሐርቡ፤ ሚያዝያ 22 ቀን 2015

ይድረስ ለልጄ ለከሪማ አብዱልገኒ።

የሰማይና የምድር ጌታ በር የሚከፍት ነው፤ ይክፈትልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ረመዳን ሲይዝ ነው። ጾሙ አለቀ፣ ዒዱም አለፈ፣ እኔ ገና መመለሴ ነው። ወረቀት አጥቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ልጄ የተቆለፈባት ቤት ውስጥ ሆና እኔ ስለ ፈረስ ስፈርድ ከርሜያለሁ።

ስለ ፈረሱ ልክ ነሽ። አየሁት። ፈርዟ ትበላ ነበር።

ስለ ውርርዱ አሰብኩበት። ሸህ ዘንድ ሄጄ አልጠየቅኩም፤ ስለ ልጄ ሰው እንዲፈርድልኝ አልፈለግኩም። ቁማር ማለት ያንቺ ያልሆነውን ልትወስጂ መቀመጥ ነው። እሑድ ግን ከመጀመሪያውም ያንቺ ናት። የጠፋች ፍየሉን ከሰው በረት ያወጣ ሰው ቁማርተኛ አይባልም። ኃጢአት ካለበት በኔ ይሁን። ተጫወቺ።

አሁን ስለ ደሯ ልጻፍ። ለዚህ ነው ሦስት ጊዜ የቀደድኩት።

እናትሽ ሲቲና ሰንጠረዥ ትችል ነበር። አንቺ አታውቂም፤ ያኔ አልተወለድሽም። ማንም አላስተማራትም። እኔና ጁነይድ ስንጫወት ከጎን ሆና ጥጥ እየፈተለች አይታ ነው የለመደችው። በተጋባን በአራተኛው ዓመት፣ አንድ ዓርብ ከሰላት ስንመለስ ጁነይድ ቀረና እኔ ሰሌዳ ዘርግቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ‹እስቲ ልሞክርህ› አለች። ሳቅኩባት። እንዝርቷን አስቀምጣ ተቀመጠች። ብዙም አልቆየንም። ንጉሤ ጥግ ገባ፣ ደሯ መጣችብኝ፣ መሄጃ አጣሁ።

ምን ያልኩ ይመስልሻል? ‹በደር አይቆጠርም› አልኳት።

ሸህ አባፊጣ እንዲህ አላሉም። እሳቸው ያሉት ‹በመደቅ ሲሆን ያምራል› ነው። ያምራል ነው ያሉት። አይቆጠርም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት፣ በሚስቴ ፊት ተሸንፌ። የበር ሰባሪውንም ነገር የፈጠርኩት እኔው ነኝ። ከዚያ በኋላ ለጁነይድም አልኩት፣ ላንቺም አልኩሽ፣ እየቆየ እኔም የሸሁ ቃል መሰለኝ።

እናትሽ አልተጣላችኝም። እንዝርቷን አንሥታ ተነሣች። እስክትሞት ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነይ እንጫወት እላታለሁ፣ ‹ደንቡን ስታስተካክል ትጠራኛለህ› ትለኛለች እየሳቀች። አልጠራኋትም። ያ ጨዋታ የሷ ነበር። ይኸው በእጄ ጻፍኩት። እሷ ሳትሰማው ሞተች፣ አንቺ ስሚው።

ስለዚህ ደሯን አውርጃት። እኔ ነኝ ያልኩሽ። ሽማግሌው አሁን መስኮት መክፈት ለምዷል፣ እንዲሁ ብታወርጃት ያመልጥሻል። ከጁነይድ ጋር አሥር ቀን ስንዘረጋ የቆየነው ለዚህ ነው። መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ሰው አቁሚበት። በየትኛው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የነሱ ፊል እንዴት እንደሚያይ እኔ አልገባኝም። መስኮቱ ከተያዘ በኋላ በሩን ስበሪ። ጁነይድ ‹ድሮስ እኔ ምን አልኩህ?› አለኝ።

የምትልኪልኝ ነገር የለም። ምንም አልፈልግም።

አባትሽ አብዱልገኒ


ጅዴይዴ፤ ሰኔ 5 ቀን 2015

ለአባቴ፣ ለምወድህ።

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ። አላህ ዕድሜህን ያርዝምልኝ።

ደብዳቤህን ወጥ ቤት መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ እንዳነበብኩት ሙሲዩ ጠራኝ፣ መድኃኒቱን ሰጥቼው ተመልሼ አንድ ጊዜ አነበብኩት። እማዬ መጫወት ትችል እንደነበር አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው፣ አንተ ስታስተምረኝ እሷ ከኋላዬ ትቀመጥ ነበር። አንዳንዴ ልሳሳት ስል ታስላለች። ጉንፋን ይመስለኝ ነበር።

ጨዋታው ግንቦት ሃያ አራት ቀን ነበር። ዘርዝሬ ሌላ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፣ እዚህ የመጨረሻውን ብቻ። ሙሲዩ እንደ ልማዱ ንጉሡን ጥግ አስገባ፣ መስኮቱንም በጊዜ ከፈተ። ፈርዞቹ ተለዋወጡ። ከደሮቹ አንድ አንድ ተለዋወጥን፣ እሱ የቀረችውን ደሩን መደቄን እንድትበላ ወደኔ ሰፈር ላካት። መደቄን ተውኩለት። ፊሌን ከሰሌዳው ማዶ በሰያፍ አስቀመጥኳት፤ እሱ ሌላ ነገር የፈለግኩ መሰለውና አላሰበበትም። ፊሌ ግን የምታየው መስኮቱን ነው።

መደቄን በላ። ደሬን ያዝኩ። አልመለስኳትም። አወረድኳት።

ሙሲዩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። ንጉሡን ወደ መስኮቱ ሊያወጣው አነሣው፣ ፊሏን አያት፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ምን እንዳለኝ ልንገርህ። ‹አንቺ በዚህች አትመቺም ነበር። ስድስት ወር አይቼሻለሁ፤ ንጉሤ ጋ ስትደርሽ እጅሽን ትመልሻለሽ። እኔም ቤቴን ባዶ ትቼ የምወጣው ይህን ስላወቅኩ ነው› አለኝ። አየህ አባዬ፣ ደንባችንን አውቆት ነበር። አንድም ቀን አልነገረኝም።

ሁለት ቀን አኮረፈ። ሾርባውን አልበላም አለ። ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ማዳሜ ቤት ስትውል ጠራትና ደብተሩን ዘርግቶ ጨዋታውን አንድ በአንድ አሳያት። እሷ ሰንጠረዥ አታውቅም። ‹ፓፓ፣ ተሸነፍክ ማለት ነው?› አለችው። ‹ተሸነፍኩ። በንጹህ› አላት። ተጨቃጨቁ። በፈረንሳይኛ ስለነበር ሁሉንም አልሰማሁም፤ ‹ብትጠፋስ?› ስትል ግን ሰማሁ። እሱም በአረብኛ መለሰላት፣ እኔም እንድሰማው መሰለኝ። ‹መጥፋት የሚፈልግ ሰው ስድስት ወር ቁጭ ብሎ በደንብ አይጫወትም› አላት። ጻፈች። ፈረመች። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ከሪማ፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት። ሙሲዩ ከወንድ ልጁ ጋር ከሄደም በኋላ እንደጸና ነው። ቁልፍም ሰጠችኝ።

የመጀመሪያውን እሑድ ናፊሳ ጃል ኤል ዲብ ወሰደችኝ። አሳንሰሩ እየሠራ በደረጃ ወረድኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በእግሬ መውረድ አማረኝ። የሕንፃው ጠባቂ ወዴት ነው አለኝ፣ ናፊሳን ጠይቃት አልኩት። ባሕሩ ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ጫማዬን አወለቅኩ። ውሃው ይቀዘቅዛል። ናፊሳ ስታወራ ነበር፣ አንዱንም አልሰማሁም።

ሁለተኛው እሑድ ትናንት ነበር፤ ብቻዬን ወጣሁ። ሰርቪስ ታክሲ ተሳሳትኩና ፉርን ኤል ሸባክ ወረድኩ። ጠፋሁ አባዬ። አልፈራሁም። አንዷን የወረኢሉ ሴት አግኝቼ ጠየቅኳት፣ አብራኝ ተራመደች፣ ዳቦ ገዝተን በመንገድ ላይ በላን። ጅዴይዴ ስመለስ ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። በሩ ጋ ቆምኩ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። አሥሯን ደቂቃ እዚያው ደጅ ቆሜ ጨርሻት ገባሁ።

አሁን ፍርድህን ልስማ። የጁነይድንም።

ልጅህ ከሪማ


ሐርቡ፤ ሐምሌ 3 ቀን 2015

ይድረስ ለልጄ ለከሪማ አብዱልገኒ፣ ቁልፍ ላላት።

ሰላምታዬ ከተራራው ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ክረምቱ ገብቷል፣ ባልዲው ሥራ ላይ ነው፤ ስለሱ አታስቢ፣ ጁነይድ ቆርቆሮ ይዞ ቅዳሜ ይመጣል። ስለ ገንዘብ ባነሣበት እጄን ሊሰብረው ነበር።

ጨዋታሽን አራት ጊዜ ዘረጋሁት። አንድ ስሕተት አለበት፤ የት እንደሆነ አልነግርሽም። ፊል እንደዚያ ከሩቅ የሚያይ ከሆነ ደግሞ እሺ፣ ይየው። ሽማግሌው ደህና ሰው ነው። ከመሄዱ በፊት ሰላም በዪልኝ። ቤቱን ባዶ ትቶ መውጣቱ ግን ከአንድ አስተማሪ የሚጠበቅ አይደለም፣ ይህንንም ንገሪው።

ባለፈው ሐሙስ ጁነይድ በደር ያዘኝ። ጨርቁን አጠፈና መሳደቤን ይጠብቃል። ‹ይቆጠራል› አልኩት። ጆሮውን አላመነም። እስቲ ድገመው አለኝ። አንድ ጊዜ ይበቃሃል አልኩት። ከዚያ ተነሥቼ ሲቲና መቃብር ሄድኩ፣ ፋቲሐ ቀራሁላት። ሌላም ያልኳት ነገር አለ፤ እሱ የኔና የሷ ነው።

አንቺ አሥሯን ደቂቃ ደጅ ቆመሽ ጨረስኳት ያልሽውን ስደርስበት ደብዳቤውን አስቀመጥኩት። በማግስቱ ነው የቀጠልኩት።

ከእንግዲህ ቶሎ መልሺልኝ አልልሽም። በሥራ ቀን ጊዜ ስታገኚ ጻፊ፣ ባታገኚም ይቅር። ፖስታው ላይ ከስምሽ በላይ የጻፍኩትን ናፊሳ አይታ ትስቅ ይሆናል፤ ትሳቅ። እዚህም እደግመዋለሁ። ይህ ደብዳቤ እሑድ ቀን ከደረሰሽ አትክፈቺው። አስቀምጪውና ውጪ። እኔ ሰኞ እነበባለሁ።

አባትሽ አብዱልገኒ